ማንንም የማያምነው መረብ ማንን ያምናል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከቴክሳስ እስከ ኒው ጀርሲ የተዘረጋውን 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር በራሱ ውሳኔ ዘጋ። ቧንቧው አልፈነዳም፤ ነዳጅም አላለቀም። በአጋቾች እጅ የወደቀው የቢሮው የኮምፒውተር መረብ ነበር። የአገሪቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚጠቀመው ነዳጅ 45 በመቶ ያህሉ በዚህ መስመር ስለሚያልፍ በቀናት ውስጥ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ብዙ ማደያዎች ደረቁ፣ የመኪና ሰልፍም ረዘመ። ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ምንዛሪ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከፍሎ መረጃውን ለማስለቀቅ ተገደደ።

የአደጋው መነሻ ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው ወደ ኩባንያው መረብ የሚገቡበት፣ ቪፒኤን የሚባለው መግቢያ ላይ፣ ማንም የማይጠቀምበት አንድ አሮጌ አካውንት ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። አካውንቱን የሚጠብቀው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልተገጠመለትም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው የይለፍ ቃሉ ቀላል እንዳልነበረ አስረድተዋል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ውስብስብ ቁልፍም ከተሰረቀ በኋላ ለሌባው ያው ቁልፍ ነው።

የድርጅቶች መረብ ለረጅም ዓመታት የተሠራው በግቢ አስተሳሰብ ነው። ፋየርዎል አጥሩ፣ ቪፒኤን በሩ፣ የይለፍ ቃል ደግሞ ለዘበኛው የሚነገር ምልክት ነበር። በሩን አንዴ ያለፈ ሰው ከእልፍኝ እስከ ጓዳ ማንም ሳይጠይቀው ይመላለሳል። ይህ አሠራር ሠራተኛውም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሰነዱም አንድ ሕንፃ ውስጥ በነበሩበት ዘመን ያስኬድ ነበር። ዛሬ ሠራተኛው ቤቱ ነው፣ ሰነዱ ክላውድ በሚባለው የኪራይ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ አጥሩ የሚጠብቀው ባዶ ግቢ ሆኗል። በሩ ራሱም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ፣ ኢቫንቲ የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸው የቪፒኤን መሣሪያዎች በአጥቂዎች እየተደፈሩ በመሆናቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከመረባቸው እንዲነቅሏቸው በቀናት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ሰጥቶ አዝዟል።

ለዚህ ሁሉ የቀረበው መልስ ዜሮ ትረስት ይባላል፤ ፍቺው ማንንም ያለማመን ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቁት ጆን ኪንደርቫግ የተባሉ የፎረስተር ኩባንያ ተንታኝ ናቸው። በዚያው ዓመት ጃኑዋሪ ጉግል ከቻይና የተነሣ ነው ባለው የመረጃ ጠለፋ መደፈሩን ይፋ አደረገ፤ ከዚያም ሠራተኞቹ ያለ ቪፒኤን፣ ከየትም ቦታ ሆነው የሚሠሩበትን ቢዮንድኮርፕ የተሰኘ ሥርዓት ገነባ። በዚህ አሠራር የኔትወርክ ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ጥያቄ በየጊዜው ይመረመራል፤ ጠያቂው ማን ነው፣ የያዘው ኮምፒውተር ጤናማ ነው ወይ፣ የፈለገው ሰነድ ለሥራው ያስፈልገዋል ወይ ይባላል። የደመወዝ ሠራተኛዋ የደመወዝ መዝገቡን ብቻ ታያለች፤ የእሷን የይለፍ ቃል የሰረቀም ከዚያ አያልፍም። የኮሎኒያል ቧንቧ በተዘጋ በአምስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ባይደን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደዚህ አሠራር እንዲሸጋገሩ የሚያዝ ትእዛዝ ፈርመዋል።

የግቢው ዘመን ሌላም ዕዳ ነበረበት፤ ዘገምተኝነት። የአንድ ድርጅት የጅማ ቅርንጫፍ ኢሜይል ሲከፍት መልእክቱ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ሄዶ በፋየርዎሉ ይፈተሻል፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ወጥቶ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ኤስዲ ዋን የሚባለው ቴክኖሎጂ ይህን ይለውጣል። ቅርንጫፉ ያሉትን መስመሮች፣ ፋይበሩንም የሞባይል ኢንተርኔቱንም፣ በየቅጽበቱ እየለካ የቪዲዮ ስብሰባውን በተሻለው፣ የማይቸኩለውን የፋይል ቅጂ በርካሹ መስመር ይልካል። ፍተሻው ደግሞ በየከተማው ማዕከል ላላቸው ትላልቅ ኩባንያዎች ይሰጣል። ሁለቱን አጣምሮ የሚሸጠውን አገልግሎት ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሳሲ ብሎ ሰይሞታል። ፍጥነትና ደኅንነት በአንድ ዋጋ መገኘታቸው ለገዢ ማራኪ ነው፤ ደግሞም በአብዛኛው እውነት ነው።

ነገር ግን ማንንም አትመን የሚለው መርህ ሳይመረመር ያለፈ አንድ እምነት አለው። እርሱም በሻጩ ላይ የሚጣለው ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ይህ እምነት ዋጋ አስከፈለ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ ኮምፒውተሮች የላከው አንድ የማዘመኛ ፋይል ስሕተት ነበረበት። የኩባንያው ሶፍትዌር ከኮምፒውተሩ ልብ ጋር ተሳስሮ የሚሠራ በመሆኑ ማሽኖቹ ወደቁ፤ ተነሥተው እንደገና ወደቁ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን 8.5 ሚሊዮን ብሎ ገምቷቸዋል፤ ይህም በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከአንድ በመቶ በታች ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ያረፈው በአየር መንገዶች፣ በሆስፒታሎችና በባንኮች ላይ ነበር። ዴልታ አየር መንገድ ብቻ በአምስት ቀናት ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ በረራዎችን ሰርዟል። በሕንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የመሳፈሪያ ወረቀት በእጅ ተጽፎ ለመንገደኛ ሲሰጥ ታይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያ ቀን አጥቂ የሚባል ሰው አልነበረም።

ሻጮቹ የሚሰጡት መልስ ክብደት አለው። ክራውድስትራይክ የተበላሸውን ፋይል ከ80 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሷል፤ ሁለት ባለሙያ ያለው አነስተኛ ድርጅትም ብቻውን ሆኖ ዓለም አቀፍ ወንጀለኞችን ሊመክት አይችልም። ይሁን እንጂ ፋይሉ ቢመለስም ቀድመው የወደቁት ኮምፒውተሮች አልተነሡም። ብዙዎቹን ለማንሣት ባለሙያ አንድ በአንድ ፊታቸው ተቀምጦ ፋይሉን በእጁ መሰረዝ ነበረበት። ዲስካቸው በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈባቸው ደግሞ ቁልፉን ይጠይቃሉ፤ በአንዳንድ ድርጅቶች ያ ቁልፍ የተቀመጠው አብሮ በወደቀ ሰርቨር ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የክላውድፌር አገልግሎት ሲስተጓጎልም ኤክስንና ቻትጂፒቲን የመሰሉ አንዳችም የባለቤትነት ዝምድና የሌላቸው ገጾች በአንድ ሰዓት አብረው ጨልመዋል። መንስኤው ይህም የውስጥ ስሕተት እንጂ ጥቃት አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተቋማት ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የባሕር በር የሌላት አገር እንደ መሆኗ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መስመሯ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲና በኬንያ፣ በኩል ከባሕር ኬብሎች ጋር ይገናኛል። ቀይ ባሕር ደግሞ ሰላም የራቀው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 በዚያ ሦስት የኬብል መስመሮች ተቆርጠዋል። በሴፕቴምበር 2025 በጅዳ አቅራቢያ በደረሰው ሌላ መቆረጥ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ተጠቃሚዎች ኢንተርኔታቸው ሲንቀራፈፍ አይተዋል፤ ማይክሮሶፍትም የክላውድ አገልግሎቱ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ሲያልፍ እንደሚዘገይ አስታውቋል።

እንግዲህ የሠራተኞቹን ማንነት አውሮፓ ባለ ክላውድ የሚያረጋግጥ አንድ የአዲስ አበባ ባንክ ይታሰብ። በግቢው ዘመን ኬብል ቢቆረጥ የውጭው ይቆም እንጂ መርካቶ ያለው ገንዘብ ከፋይ ጎኑ ያለውን መዝገብ ይከፍት ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን መዝገቡ አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ የሚከፍተው ፈቃድ ከባሕር ማዶ ይጠበቃል። ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ለእናቱ ገንዘብ የላከ ልጅ፣ ገንዘቡ ደርሶ ሳለ እናቲቱ ከመስኮቱ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሊሰማ ይችላል። ችግሩ የዜሮ ትረስት አይደለም፤ ማንነት የሚያጣራውን አካል አንድ ቦታ ብቻ የማኖር ነው። ማረጋገጫው በአገር ውስጥ ምትክ ቢኖረው፣ መስመሩ ሲቋረጥም የትኛው ሥራ በተወሰነ ፈቃድ እንደሚቀጥል አስቀድሞ ቢወሰን፣ መርሁ ሳይጣስ ሥራው ይቀጥላል።

ሌሎቹ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችም የሚያጠነጥኑት በዚሁ የእምነት ጥያቄ ዙሪያ ነው። አሩፕ በተባለው የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ቢሮ አንድ ሠራተኛ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተቀነባበሩ የአለቆቹን መልክና ድምፅ በቪዲዮ ስብሰባ አይቶ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአጭበርባሪዎች ማስተላለፉ በ2024 ይፋ ሆኗል። የኩባንያው መረብ አልተደፈረም፤ የተደፈረው የሰውየው ዓይን ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ደግሞ የወደፊቱን የኳንተም ኮምፒውተር ይቋቋማሉ ያላቸውን ሦስት የምስጢር አጻጻፍ ደረጃዎች በኦገስት 2024 አጽድቋል። ዛሬ ተጠልፎ የተቀመጠ ምስጢር ነገ ሊፈታ ስለሚችል ዝግጅቱ ከወዲሁ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ ለአብዛኛው ድርጅት ግን ያልተዘጋው አሮጌ አካውንት ከኳንተሙ ይቀድማል።

ከጁላይ 2024 በኋላ ክራውድስትራይክ ማዘመኛውን በየደረጃው መላክ ጀምሯል፤ ደንበኞችም መቼና በየትኞቹ ማሽኖች ላይ እንደሚጫን የመወሰን ሰፊ ሥልጣን አግኝተዋል። ይህን መብት ገዢው አደጋ ሳይደርስ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቀው ይገባ ነበር። አሁን ወደ ክላውድ ለመሻገር በመደራደር ላይ ያሉ የኢትዮጵያ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ዕድላቸው ውሉ ገና አለመፈረሙ ነው። ሻጩ ስለ ምትክ አሠራሩ የሚያሳየው ስዕል በቂ ማስረጃ አይሆንም። አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት በአንድ እሑድ ጠዋት የውጭ መስመሩ ሆን ተብሎ ይነቀል፤ ባለሙያዎች ዝርዝር ይዘው ይቀመጡና ገንዘብ ከፋዩ፣ ሐኪሙና መዝገብ ያዡ የትኛውን መዝገብ መክፈት እንደቻሉ፣ የትኛው እንደተዘጋባቸው፣ ወደ ሥራ ለመመለስም ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይመዝግቡ።