ካርታ ለበደሳ ምን ያተርፋል?

በበደሳም ሆነ በጭሮ "ካርታ" ሲባል ነጋዴው ቶሎ የሚታየው ቁማር ነው። ከቡናና ከጫት የተገኘች ትርፍ በአንድ ሌሊት ስታልቅ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ብሪጅ ግን፣ በተለይ በቡድን ሲካሄድ፣ ከቁማር ይልቅ ለንግድ ይቀርባል።

አንድ ቡድን አራት ተጫዋቾቹን በሁለት ጠረጴዛ ያሰልፋል። በአንደኛው ጠረጴዛ የተጫወቱበት ካርታ ሳይበወዝ እንዳለ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ እዚያ የቡድኑ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቀደም ሲል ተጋጣሚው ይዞት የነበረውን እጅ ይይዛሉ። ስለዚህ "ጥሩ ካርታ ደርሶት ነው" የሚል ሰበብ አይሰራም። ከአንድ ጆንያ የወጣ የሐረር ቡና ለሁለት ደላላ ሰጥቶ ማን በተሻለ ዋጋ ሸጠ ብሎ እንደማወዳደር ነው።

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ ምን ገንዘብ ያንቀሳቅሳል? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የዓለም የብሪጅ ቡድኖች ሻምፒዮና በሞሮኮ ማራኬሽ ተካሂዷል። ውድድሩ ለሁሉም ክፍት በሆነው፣ በሴቶች፣ በአንጋፋዎችና በድብልቅ ዘርፍ ሲሆን፣ በያንዳንዱ 24 ቡድን ይሰለፋል። አንድ ቡድን እስከ 6 ተጫዋች ስለሚይዝ ሂሳቡ እስከ 576 ሰው ይደርሳል፤ ያውም ለሁለት ሳምንት ያህል። ቱኒዚያም በ1990 ዓ.ም. ሐማመት ላይ አስተናግዳለች። ሁለቱም የሸጡት አልጋና አዳራሽ ነው፤ ስታዲየም የሚጠይቅ ጨዋታ አይደለም። (ፊልም ወዳዱ የሚያውቀው ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍም የሀገሩን ቡድን ወክሎ ብሪጅ ተጫውቷል።)

በኢትዮጵያ የሚታወሰው መስተንግዶ የእግር ኳስ ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ 8 ቡድኖች ሲሳተፉ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ግጥሚያቸውን ያደረጉት በድሬዳዋ ነበር። ድሬዳዋ ባቡርም አውሮፕላን ማረፊያም ነበራት። ውድድር ቀድሞ የሚያየው መንገድና አልጋ ነውና፣ በደሳ ማራኬሽን ብትመኝ ከንቱ ድካም ነው።

ይሁንና "ዓለም አቀፍ" ለመባል ሁለት ሀገር ይበቃል። ጅቡቲ ቅርብ ናት። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ስራ የጀመረው የባቡር መስመር ድሬዳዋንና ሚኤሶን ይነካል፤ ሚኤሶ ደግሞ የምዕራብ ሐረርጌ ናት። የጭሮ፣ የበደሳና የገለምሶ ነጋዴዎች በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይጫወቱ። ተጫዋች ሳይኖር እንግዳ መጥራት ገዢ ሳይያዝ መጋዘን መሙላት ነው። ከዚያ ድሬዳዋ ላይ የሦስት ቀን ግጥሚያ ማሰናዳት ይቻላል፤ የቡና ላኪውም እንግዳውን ወደ በደሳ ወስዶ ቡናውን ያሳየዋል።

ወጪው ካርታውና ጠረጴዛው አይደለም፤ እሱ ኢምንት ነው። ገንዘብ የሚበላው ማረፊያ፣ መጓጓዣና ዳኛ ነው። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ማድረግ ደግሞ ኪሳራ መጥራት ነው፤ ያኔ ነጋዴው ራሱ ገበያ ላይ ነው። የመመዝገቢያ ክፍያ ቀድሞ ይሰብሰብ፤ በጠረጴዛው ላይ ግን አንዲት ሳንቲም አትታይ፤ አለዚያ ስሙን የሚያውስ ስፖንሰር አይገኝም።

የሚከብደው የአልጋው ዋስትና ነው። አዘጋጁ 40 ክፍል አስይዞ ቪዛ ቢዘገይ ባዶውን ክፍል የሚከፍለው ማን ነው? ሆቴሉ ክፍሉን እንደ ድርሻ አስገብቶ ከገቢው መቶኛ ቢወስድ ኪሳራውም ይከፈላል። በቀን ኪራይ ብቻ እፈርማለሁ የሚል ባለሆቴል ካጋጠመ ግን አዘጋጁ ውሉን ባይፈርም ይሻለዋል።