ጠገራ ብር በሚዛን ሲሸጥ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ በአንድ ትሮይ አውንስ ከ50 ዶላር አልፎ በ1980 ከደረሰበት ጣሪያ በላይ ወጣ። ነገሩ የለንደንና የኒውዮርክ ነጋዴዎች ወሬ ይመስላል። ይሁንና በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በፋርጣና በእስቴ፣ ከአያት በወረደ ሙዳይ ውስጥ ጠገራ ብር ያስቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነው። በ50 ዶላር ሲሰላ ወደ 37 ዶላር ተኩል ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ሙዳዩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ጠገራ፣ ለመቅለጥ ብቻ፣ በዚያ ሒሳብ አምስት ሺህ ብር ገደማ ያወጣ ነበር ማለት ነው። አንጥረኛው ይህን ሁሉ አይከፍልም፤ ግን ግማሹም ቢሆን ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ነው። በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጀመረው ግጭት ገበያና መንገድ ሲዘጋ ሙዳዩን የከፈተን ቤተሰብ «ለምን ሸጥክ?» ማለት አይቻልም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ጠገራው ሲቀልጥ ከብሩ ሌላ ምን ይጠፋል?

ጠገራዎች ሁሉ አንድ ይመስላሉ። በአንድ ፊታቸው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ዓመቱም ምንጊዜም 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቢሆንም ሳንቲሟ ግን ዓመቱ ሳይቀየር ሁለት መቶ ዓመት ያህል መታተሙን ቀጠለ። ቪየና አትማዋለች፤ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስም እንዲሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። የትኛው የት እንደታተመ የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፤ በንስሩ የጅራት ላባ ብዛትና አቀማመጥ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዕንቁዎች፣ በጠርዙ ጽሑፍ መካከል በተቀረጹት ጌጦች። የእኛ የገበያ ሰዎችም ዕንቁዎቹን ሳያዩ አይቀበሉም ነበር። ዓላማቸው ሐሰተኛውንና የተፋቀውን መለየት ቢሆንም ሥራው የሰብሳቢ ሥራ ነው።

ለደብረ ታቦር ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን አስቀልጠው፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ የተነሣው ጠገራ ጭኖ ነበር። ስንቁንም ማጓጓዣውንም ከአገሬው የሚገዛው በዚያ ነበርና፣ ከቪየና ማተሚያ ቤት በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጠገራ ታዘዘ። ከዚያ ጦር የተረፈው ገንዘብ በንግድ ተበትኖ ምን ያህሉ የጎንደር ደጋ እንደደረሰ በጽሑፍ ብቻ አይታወቅም። ሊመሰክር የሚችለው በዚያ አካባቢ የተገኘ፣ የታተመበት ቦታና ዘመን የተለየ ሳንቲም ነው። ሙሶሊኒም በ1935 ከኦስትሪያ የማተሚያውን ቅርጽ ወስዶ ለወረራው የሚሆን ጠገራ ሮም ላይ አሳትሟል። በአንድ ሙዳይ የቪየናና የሮም ጠገራ አብረው ቢገኙ የአንድ ቤተሰብ የሁለት ዘመን ታሪክ ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ጠገራው ከገበያ ተገፋ፤ ወደ ድሪ፣ ወደ አልቦ፣ ወደ አንገት መስቀልም ተለወጠ። ማቅለጥ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ትንሽ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ የተረዱት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ ትንባሆ ኩባንያ በየሲጋራ ፓኮው የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለበት ካርድ ይከት ነበር። ሥዕሉ አንድ ሆኖ በጀርባው የታተመው የሲጋራ ስም ሲለያይ የካርዱም ዋጋ ይለያያል። ከእነዚህ አንዱ፣ የሆነስ ዋግነር ካርድ፣ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ዋጋው ያስደንቅ ይሆናል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ካርዶቹን ለይቶ ዝርዝር ያወጣላቸው ጄፈርሰን በርዲክ የተባለ ግለሰብ ሰብሳቢ እንጂ መንግሥት አልነበረም፤ ስብስቡንም ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ዋጋው የመጣው ከዝርዝሩ በኋላ ነው።

የእኛ ሕግ በአመዛኙ የሚያተኩረው በሩ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ብራናና መስቀል በአየር ማረፊያ ሲያዝ ዜና ይሆናል። በወናፍ የቀለጠን ጠገራ ግን ማን ይይዘዋል? በመከልከል የሚመጣ መፍትሔም ያለ አይመስለኝም፤ ክልከላ ሽያጩን ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ።

ጠገራዎቹን ሁሉ ገዝቶ ሙዚየም ማስገባትም ቅዠት ነው፤ በዓለም የታተመው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራልና አብዛኛው ብርቅ አይደለም። ይልቅ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታሪክ ተማሪዎች አሉት። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችም አሉ። ከአንጥረኞቹ ጋር ተስማምተው ጠገራው ከመቅለጡ በፊት ሁለቱን ፊትና ጠርዙን በስልክ ፎቶ ቢያነሡ፣ ቢመዝኑ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ቢጽፉ፣ ሻጩም ገንዘቡን አያጣ፣ አንጥረኛውም ብሩን። ብርቅ የሆነው ሲገኝ ደግሞ ከብሩ ዋጋ በላይ የሚከፍል ሰብሳቢ መኖሩን ባለቤቱ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የመግዛት ዕድል ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ለብሔራዊ ባንክ ሙዚየም ቢሰጥ መልካም ነው። በዐፄ ምኒልክ ብሮችም መጀመር ይቻላል፤ በቀደሙት ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፣ በኋለኞቹ ላይ ቀኝ እግሩን አንሥቷል። ይህን ለመለየት መነጽር እንኳ አያስፈልግም።