ቢላዋ ያልያዘ የዙኦሎጂ ምሩቅ!

የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል አለው? አንዱን የባዮሎጂ ተመራቂ መንገድ ላይ አቁማችሁ ብትጠይቁት ሳያመነታ «ሦስት» ይላችኋል። ሁለቱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ልክ ነው፣ ማርክም ያሰጣል። ቀጥላችሁ «ለመሆኑ በዓይንህ አይተኸዋል?» በሉት። የብዙዎቹ መልስ ዝምታ ነው። ያዩት ነገር ቢኖር መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳለውን ነው፤ ያውም ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ እንደሆነ።

በብዙ ኮሌጆቻችን ዙኦሎጂ የሚባለው ትምህርት እንግዲህ ይኸው ነው። ላቦራቶሪው አለ፣ በሩ ላይም ተጽፏል። ቁልፉ ግን ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ዲፕሎማዬን ባገኘሁበት ኮሌጅ (ስሙ ይቆየን) አንዲት እንቁራሪት ለአሥራ ስምንት ተማሪ ደርሳን ነበር። መምህሩ ሲከፍታት ከፊት የቆሙት አምስቱ አዩ፤ የቀረነው የእነሱን ጀርባ አየን። ሪፖርት ግን ከአሥራ ስምንታችንም ተጠየቀ፦ «ምን ተመለከታችሁ?»

«ታዲያ ሥዕሉ ካለ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጎድሏል! መጽሐፉ ላይ አንደኛው የደም ሥር ቀይ፣ ሌላኛው ሰማያዊ ተደርጎ ተቀብቷል። ፎርማሊን ውስጥ የከረመች እንቁራሪት ስትከፈት ግን ሁሉም ያው ግራጫና ቡናማ ነው። ጉበቱ ሌላውን ሸፍኖታል፤ አንሥቶ ከሥሩ ሐሞቱን መፈለግ ነው። ሴቷ እንቁላል የያዘች እንደሆነማ አንጀቱ እንኳን ወዲያው አይታይም። ተማሪው አንዷ ከሌላዋ እንደምትለይ፣ መጽሐፉም ሁሉን እንደማይናገር የሚያውቀው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። በጠመኔ የተሳለች እንቁራሪት ሁልጊዜ ልክ ናት።

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ዶሮ 12 ብልት የምታወጣ ባለሙያ ሴት መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ ታገኘዋለች እንጂ አጥንት አትሰብርም። ቅርጫ ላይ በሬ የሚበልቱ ሰዎችም ሻኛውን ከፍሪምባው፣ ታላቁን ከታናሹ ሲለዩ መጽሐፍ አይገልጡም። አናቶሚ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ? ኮሌጅ ያለፈው ልጅ ከእናቱ ማድ ቤት ያነሰ ዕውቀት ይዞ ሲወጣ ዝም ልንል ነው?

የእንስሳት ምደባም ያለ እጅ አይሆንም። ሽኮኮን ያየ ሰው የጥንቸል ዘመድ ይመስለዋል። ጥርሱንና የእግሩን ጣቶች የመረመረ ግን ዘመዱ ዝሆን መሆኑን ቢነግሩት አይስቅም። ቀይ ቀበሮም በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። እሱን እ.ኤ.አ. በ1840፣ ዋልያንና ጭላዳን ደግሞ በ1835 ለሳይንስ ያስመዘገበው የፍራንክፈርቱ ሰው ሩፔል ነው። ናሙናዎቹም ፍራንክፈርት ሙዚየም ገቡ። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው የደጋ አጋዘን (በሲጋራ ስሙ የምታውቁት ኒያላ) የአርሲና የባሌ ሰው ከጥንት የሚያውቀው እንስሳ ነው። ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ግን እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙም አድኖ በወሰደው በሌላው እንግሊዛዊ፣ በባክስተን ተጠራ።

እነሱን አልወቅስም፤ ቆዳና የራስ ቅል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አነጻጸሩ፣ ሠሩ። ሥራው ደግሞ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2021 እንኳን ከደጋው አገራችን አዳዲስ የእንቁራሪት ዝርያዎች ለሳይንስ ተገልጸዋል። እንቁራሪትን ከጉርጥ በእጁ ይዞ ለይቶ የማያውቅ ምሩቅ የሚቀጥለውን ዝርያ ያገኛል ብለን እንጠብቅ?

ኢሕአዴግ እ.ኤ.አ. በ2008 «70 በመቶው ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ» ብሎ ሲወስን ጭብጨባው ሌላ ነበር። ልጆቹ ገቡ። ማይክሮስኮፑ ከኋላ ይደርሳል ተባለ፤ ስንቱ ኮሌጅ እስካሁን መንገድ መንገዱን እያየ ነው! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ፈተና መኖሩ ደግ ነው። ግን ምርጫ ነው፤ «ሀ» ወይም «ለ» ማለት ነው። እንስሳ ነክቶ የማያውቀውም ሆነ ሦስት ዓመት ሲከፍት የኖረው እኩል ያልፋሉ።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት አይገባኝም። የበግ ልብ አራቱም ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታይበታል፤ ሥጋ ቤት ይገኛል። የበሬ ዓይን ቄራ ሞልቷል። ዓሣው ከሐዋሳና ከዝዋይ ይመጣል። ለትምህርት ተብሎ እንስሳ መግደል የሚከብደውም ሰው ቢሆን እነዚህ ለገበያ የታረዱ ናቸው።

ይህን ሐሳብ ላንድ የኮሌጅ መምህር ባነሣበት ሳቀብኝ። እሱ ሞክሮታል። ለአምስት የበግ ልብ ግዢ ሲጠይቅ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባለ። ደረሰኝ ያለው ሥጋ ቤት እየዞረ ሲያፈላልግ ሴሚስተሩ አለቀ።