ሚሞሪ ካርዱ ምን አጠፋ?



“ሚሞሪው ተበላሸ” የምትለዋን ዐረፍተ ነገር በላባችን ውስጥ ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። መብራት ይሄዳል፤ መብራት ይመጣል፤ ራስበሪ ፓይዋ ግን አልነሳም ትላለች። ያኔ ሁላችንም በአንድ አፍ “ሚሞሪው ነው!” እንልና ካርዱን ነቅለን እንጥላለን። እኔም ከጣዮቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን በዚህች ገጽ ላይ ለካርዱ ጠበቃ ሆኜ መቆም እፈልጋለሁ። “ለእነዚህ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ፈጣን ኤስኤስዲ ይገዛልን” የሚለው ጥያቄ ከተማሪውም ከመምህራኑም አፍ ስለማይጠፋ፣ የበኩሌን ማለት አለብኝ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሁለት ጓደኞቼና እኔ ከአዴት ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ራስበሪ ፓይ 4 ተክለን ነበር። በውስጧ የመማሪያ መጻሕፍትን፣ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያን፣ እንዲሁም እኛው የጻፍነውን የመለማመጃ ጥያቄ ፕሮግራም ጫንን። ተማሪው በስልኩ ዋይፋይዋን ይይዛል፣ ጥያቄ ይሠራል፣ ውጤቱም ይመዘገባል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ጥቅም አይጠፋውም።

ሦስት ወር ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። መብራቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በማግስቱ ስንሄድ ሰርቨራችን ሞታለች። መጻሕፍቱን መልሶ መጫን ይቻላል፤ የሦስት ወሩ የልጆች ውጤት ግን የለም። ቅጂ አላስቀመጥንም ነበራ! የሒሳብ መምህሩ “ልጆች፣ የተማሪዎቹስ ውጤት የት ገባ?” ብለው ሲጠይቁን አንዳችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። የትኛው ተማሪ ምን ላይ እንደሚደክም ለይተው ለማስጠናት የሚጠቀሙት በዚያው መዝገብ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው፣ የጠፋው ፋይል ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

እኛ ታዲያ ምን አልን? “ሚሞሪው ነው” አልን።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሚሞሪ ካርድ አንዲት ቁጥር ለመጻፍ የሚያደርገው ሥራ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ፍላሽ የተጻፈበትን ቦታ በቀጥታ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ አንድ ሰፊ ክፍል ጠርጎ ማጥፋት አለበት። ስለዚህ በካርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተቆጣጣሪ መረጃውን ከቦታ ቦታ ታዘዋውራለች፤ የትኛው የት እንዳለም በራሷ ሰንጠረዥ ትይዛለች። ኮረንቲ በዚህ መሐል ከተቋረጠ፣ የሚጠፋው ያን ጊዜ እየተጻፈ ያለው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል። ከወራት በፊት ተጽፎ የተኛውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እኛ ሚሞሪውን የከሰስነው በመብራቱ ጥፋት ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

“እሺ፣ እንግዲያው ኤስኤስዲ እንግጠምላት” የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣችው ራስበሪ ፓይ 5 ፒሲአይኢ የሚባለውን የፈጣን ዲስክ መስመር በቀጭን ሪባን ገመድ በኩል ለተጠቃሚው ከፍታለች። በ2024 ደግሞ ኤም.2 ኤስኤስዲ የሚሸከመው የኩባንያው የራሱ ሰሌዳ ገበያ ላይ ዋለ። ሚሞሪ ካርድ በዚህች ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ ቢበዛ 90 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል። ኤስኤስዲው በዚያ መስመር በተለመደው አሠራር 400 እና ከዚያ በላይ ያነባል። ከፍጥነቱ በላይ ደግሞ ኤስኤስዲ ጽሕፈቱን በሁሉም ክፍሎቹ ላይ በተሻለ ዘዴ እያዳረሰ ዕድሜውን ያራዝማል፤ “ምን ያህል ዕድሜ ቀረህ?” ተብሎ ሲጠየቅም ይመልሳል። ካርዱ ብዙውን ጊዜ ሳይናገር ይሞታል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ያ ሁሉ ፍጥነት ወዴት ይሄዳል? የራስበሪ ፓይ የኔትወርክ መውጫ አንድ ጊጋ ቢት ነው፤ ይህም በሰከንድ ከ125 ሜጋ ባይት አይበልጥም። ስዊቹ አሮጌ ባለ 100 ሜጋ ቢት ከሆነ ደግሞ 12 ሜጋ ባይት ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ይህንን ሚሞሪ ካርዱም አያቅተውም። እንግዲህ ሃያ ተማሪዎች ትልልቅ መጻሕፍት ሲያወርዱ ወረፋው የሚፈጠረው ዲስኩ በር ላይ ሳይሆን ኔትወርኩ በር ላይ ነው። ኤስኤስዲ ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ብዙ ትንንሽ ንባብና ጽሕፈት ባለበት ሥራ ላይ ነው፦ ዳታቤዝ፣ የቃል ፍለጋ፣ ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ መልስ ሲልክ። ለዚህ ሥራ መካከለኛው ኤስኤስዲ ይበቃል። በሰከንድ 7,000 ሜጋ ባይት የሚል የተጻፈበትን ውድ ዲስክ ገዝቶ በዚህች ጠባብ መስመር ላይ መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። ርካሹ ኤስኤስዲም ኮረንቲ በድንገት ሲቋረጥበት የጀመረውን ለመጨረስ የሚበቃ ኃይል በውስጡ የለውም። ያን የሚችሉት ለትላልቅ ሰርቨሮች የሚሠሩት ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ካርዱን በኤስኤስዲ ቀይሮ የመብራቱን ነገር እንደነበረ መተው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መለወጥ ነው። ምንጣፉ አማረ፤ ዝናቡ ግን መምጣቱ አይቀርም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እንደ እኔ አመለካከት ቅድሚያ የሚሰጠው በኔትወርክ ኬብል በኩል የሚመጣው ኮረንቲ፣ ማለትም ፒኦኢ ነው። ብዙዎቻችን ይህንን ነገር የምናውቀው በካሜራና በዋይፋይ አንቴና ነው። ያው ዳታ የሚያመላልሰው ኬብል ኮረንቲውንም ይዞ ይሄዳል፤ እስከ 100 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ ከስዊቹ 15.4 ዋት ይልካል፤ በኬብሉ ላይ የሚባክነው ታስቦ ለመሣሪያው 12.95 ዋት ይቀርለታል። በ2009 የወጣው ፒኦኢ ፕላስ 30 ዋት ይልካል፤ 25.5 ዋት ይደርሳል። ራስበሪ ፓይ 5 ከኤስኤስዲ ጋር ሥራ ሲበዛባት በመጀመሪያው ደረጃ ልትጨናነቅ ስለምትችል፣ ፕላሱን መያዝ ይሻላል።

ኮረንቲው የሚሄደው በ48 ቮልት አካባቢ ነው። ለምን በ5 ቮልት አይሄድም? የፊዚክስ መምህሮቻችን ያስተማሩን እዚህ ላይ ይመጣል። አሥር ዋት በ5 ቮልት ሲሄድ 2 አምፒር ይፈሳል፤ በ48 ቮልት ሲሄድ 0.2 አምፒር ገደማ ብቻ። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው በአምፒሩ ስኩዌር ልክ ስለሆነ ብክነቱ ከ90 እጥፍ በላይ ያንሳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን ኃይሉን ወደ ሆለታ በ500 ሺህ ቮልት መስመር የሚልከው በዚሁ ሕግ ነው። ግድቡና የላባችን ኬብል የሚጋሩት አንድ መላ አላቸው ማለት ነው።

ለእኛ አገር ግን የፒኦኢ ትልቁ ጥቅም የሶኬትና የቻርጀር ጭንቀት መቅረቱ አይደለም፤ መጠባበቂያ ኃይሉ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ሰርቨሯ በአንድ ክፍል፣ አንቴናው በኮሪደር፣ ሌላው በላይብረሪ ቢሆን፣ ለእያንዳንዳቸው ዩፒኤስ መግዛት አንችልም። ሁሉም ከአንድ ስዊች የሚጠጡ ከሆነ ግን ስዊቹን ከባትሪ ጋር ማገናኘት ይበቃል። እስቲ እናስላው። ሰርቨሯ 10 ዋት፣ ሁለት አንቴናዎች 14 ዋት፣ ስዊቹ ራሱ 10 ዋት፤ ድምሩ 34 ዋት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ከዚያም በኢንቨርተሩ የሚባክነውን ብንቀንስ 500 ገደማ ይቀራል። ይህ 14 ሰዓት ያህል ያሠራል! አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ቢወስድ በዚሁ ባትሪ አራት ሰዓት አይሞላም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን በጥልቀት እንዲራገፍ ተብሎ የተሠራ ባትሪ እንጂ የመኪና ማስነሻ ባትሪ አይሆንም፤ በጥቂት ወራት ይደክማል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ትክክለኛው ፒኦኢ ስዊች ኮረንቲ ከመላኩ በፊት በአነስተኛ ቮልት “ማነህ? ትቀበላለህ?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይልክም። ከአንዳንድ አንቴናዎች ጋር የሚመጣው ርካሹ ማቀበያ ግን ሳይጠይቅ ይለቃል። እሱን ከላፕቶፕ ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር ማገናኘት መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ለራስበሪ ፓይ 4 የተሠራው የፒኦኢ ሰሌዳም በፓይ 5 ላይ አይገጥምም፤ የእግሮቹ ቦታ ተቀይሯል። ለፓይ 5 ኤም.2ንም ፒኦኢንም በአንድ ሰሌዳ አጣምረው የሚሠሩ ሌሎች አምራቾች አሉ፤ ከመግዛት በፊት የትኛውን ደረጃ እንደሚቀበል ማንበብ ይገባል። ደግሞም የጎጃም ክረምት መብረቅ አያጣውምና የመዳብ ኬብል ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ አንዘርጋ። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ወይም ገመድ አልባ ይሻላል።

“ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?” የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ያስደነግጣል። ለዚህም ነው ቅደም ተከተሉ ላይ የምሟገተው። ሌላው ደግሞ “ሁሉ ነገር በአንድ ስዊች ከተንጠለጠለ፣ ስዊቹ ሲበላሽ ሁሉም አይወድቅም ወይ?” ይላል። ይወድቃል። ነገር ግን ሲወድቅ የት እንደወደቀ እናውቃለን፤ አንድ ተለዋጭ ማቀበያ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም አምስት ቦታ ላይ የቃጠሎ ምክንያት ከመፈለግ ይቀላል።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት ማሰራጨት የጀመረውን ፕላዝማ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ቴሌቪዥኑ ጥሩ ነበር፤ ምስሉም ጥሩ ነበር። መብራት ከሄደ ግን ትምህርቱ ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል፤ መምህሩም ወደ ኋላ መልሶ ማሳየት አይችልም። ከዚያ መማር የነበረብን፣ መሣሪያ ስናመጣ መሣሪያው የሚቆምበትን መሬት አብረን ማሰብን ይመስለኛል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች አንድ ዘር ለገበሬ ከማቅረባቸው በፊት በዚሁ በእኛ አፈር፣ በእኛ ዝናብ ይፈትኑታል። እኛስ ኮምፒውተሩን በእኛ መብራት ለምን አንፈትነውም?

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። መጀመሪያ፣ ምንም ሳይገዛ፣ የእያንዳንዱ ሲኒየር ፕሮጀክት መረጃ በየሳምንቱ በሌላ ቦታ ይቀዳ፤ የተቀዳውም በእርግጥ እንደሚከፈት ይሞከር። ቀጥሎ አንድ ፒኦኢ ፕላስ ስዊችና አንድ ባትሪ ይገዛ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሯ ራሷን በሥርዓት እንድታጠፋ ፕሮግራሙን እኛ ተማሪዎች እንጻፍ። ኤስኤስዲው በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ፤ ያኔ ሲመጣ ዕድሜም ይኖረዋል።

እኛም ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመልሰን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ሰርቨሯንም እንደገና ተክለናል። አሁን ውጤቱ ማታ ማታ በመምህሩ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል። ኤስኤስዲ ገና የላትም፤ ያው የተሰደበው ሚሞሪ ካርድ ነው የተገጠመላት። ካልተስማማችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።