«የቤት ጉዳይ ነው» እየተባለ የሚሞት ሰው አለ

በቦሌ ቡልቡላ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ ከተሠማራን ሠልጣኞች መካከል የእኛ ቡድን አንድ ነገር ገጥሞታል። የክፍሉን ደረጃም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አንጽፍም፤ ልጁ እንዳይታወቅ። ረባሽ ተማሪ አይደለም፤ ይተኛል። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ሁሉ ትኩስ በሆነበት ሰዓት፣ ኋላ ወንበር ላይ ራሱን ዴስኩ ላይ ጥሎ ይተኛል። መጀመሪያ የማስተማር ዘዴያችን ደካማ መስሎን ነበር (አሠልጣኛችንም ይህንኑ በግምገማ ቅጹ ላይ ጽፈውብናል)። ኋላ ከመካከላችን አንዷ በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ ብትጠይቀው፣ ሌሊት እናቱን ሲጠብቅ እንደሚያድር ነገራት። «አባዬ አንገቷን አነቃት» አለ። ይህን ብሎ ኳስ ሊጫወት ሮጠ።

ጉዳዩን ይመለከታቸዋል ላልናቸው ሰዎች ስናቀርብ ያገኘነው መልስ «የቤት ጉዳይ ነው፤ በባልና በሚስት መሐል አትግቡ፤ እናንተ እንደሁ ወር ቆይታችሁ ሂያጅ ናችሁ» የሚል ሆነ። መልሱን የሰጡን ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኛም ብንሆን ያደግነው በዚሁ መልስ ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ሠልጣኝ በዚህ ግቢ ካለ እጁን ያውጣ። ስንሰማውም ስቀን ያለፍን ብዙዎች ነን።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚስትን ስለመደብደብ ለብቻው የሚለው አልነበረውም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጠቃች ሴት ሕክምናውንም ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም ባንድ ቦታ እንድታገኝ የተቋቋመ ማዕከል አለ። ልደታ ፍርድ ቤትም የሴቶችና የሕፃናት ጥቃት የሚታይበት ችሎት አለ። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ ብዙ ሴቶች ታግለው ያስገኟቸው ናቸው።

ታዲያ የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የሚነሣው ሴቲቱ ከተጎዳች በኋላ፣ እንዲያውም ራሷ ሄዳ ከከሰሰች በኋላ ነው። አንቀጽ 564 ለብቻው የቆመ ቅጣት የለውም፤ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። ከእነርሱ መካከል ቀላል ጉዳትን የሚመለከተው አንቀጽ 556 በመደበኛው መልኩ የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቀለቧ፣ የቤት ኪራይዋ፣ የልጆቿ ደብተር በሰውየው እጅ ያለ ሴት ሄዳ «ክሰሱልኝ» ትበል፤ ከዚያ ማታ እዚያው ቤት ትመለስ። ፍርድ ቤት ሰውየውን ከቤት እንዲወጣ ሊያዝዝ የሚችልበትን መንገድ የቤተሰብ ሕጉ ያስቀመጠው የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ፍቺ ያልጠየቀች፣ ነገር ግን ዛሬ ማታን የፈራች ሴት ዘንድ ይህ ትእዛዝ አይደርስም። በሌሎች ብዙ አገሮች «ወደ ቤቷ እንዳትቀርብ» የሚል የጥበቃ ትእዛዝ ከፍቺም ከወንጀል ክስም ተነጥሎ ይሰጣል። ሞትን መከላከል ማለት ይህ ነው፤ ከሞት በኋላ አንቀጽ 540ን መጥቀስ አይደለም።

ደግሞም ቁጥር የለም። በየዓመቱ ኅዳር 16 ቀን የነጭ ሪባን ቀን ይከበራል፤ ሪባን እናስራለን፣ ንግግር እናዳምጣለን፣ አሥራ ስድስቱ ቀን ያልቃል። ግን በዚያ መድረክ ላይ «ዘንድሮ በዚህች ከተማ በባሏ ወይም በቀድሞ ባሏ እጅ የሞተችው ሴት ይህን ያህል ናት» ሲባል ሰምተን አናውቅም። እስፔን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እያንዳንዷን ትቆጥራለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛው ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው «ማን ምን ዐውቆ ነበር? የት ላይ ነው ያመለጠን?» ብለው እንዲመረምሩ በሕግ ታስገድዳለች። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በፍቅር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ አባል ተገድለዋል፤ ከነዚህ 21,700 ያህሉ በአፍሪካ ነው። ከዚህ ውስጥ የእኛ ስንት እንደሆነ የሚነግረን መዝገብ ያስፈልገናል።

የልጁን ቃል እንመልሰው፤ «አንገቷን አነቃት»። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥፊም ማነቅም ያው ነው» ብለው ተከራክረውናል። ያው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በነርስ ሙያ ተመራማሪዋ ጃክሊን ካምቤልና በባልደረቦቿ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት ቀደም ሲል ታንቃ የተረፈች ሴት ኋላ በዚያው ሰው የመገደል አደጋዋ ከሌላዋ ተደብዳቢ ከሰባት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ማነቅ ብዙ ጊዜ በውጭ ምልክት አይተውም፤ ስለዚህ ጎረቤትም ፖሊስም «ምንም አልሆነችም» ብሎ ያልፋል። ሌላው የአደጋ ወቅት ሴቲቱ ትታ ልትወጣ ስትነሣ ወይም እንደወጣች ነው። እኛ «ተለያዩ፣ ተገላገለች» የምንልበት ሰዓት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሽማግሌ የአገር ሀብት ነው፤ በርስት፣ በዕዳ፣ በሰፈር ጠብ ስንቱን ደም አድርቋል። ነገር ግን አንገቷ የተያዘችን ሴት «ለልጆችሽ ብለሽ ቻይው» ብሎ፣ ሰውየውን ይቅርታ አስጠይቆ፣ ቡና አስፈልቶ ወደዚያው ቤት መመለስ ዕርቅ አይባልም። እቴቴዎቻችን ይህን ችለው ኖረዋል የሚሉን አሉ። የኖሩት ናቸው የሚነገርላቸው፤ ያልኖሩት አይናገሩም። እንዲህ ባለ ጉዳይ ሽማግሌ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ ሴቲቱን ከነልጆቿ የሚያስጠጋ ቤት መፈለግ ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲያደርግ የቆየው ይህንኑ ነው። ግን ባንድ ማኅበር ትከሻ ላይ የዚህን ከተማ ችግር መጫን ከመንግሥት አይጠበቅም።

«መምህር ፖሊስ አይደለም» ላሉን አሠልጣኝ ደግሞ በአክብሮት እንመልሳለን። ልክ ነዎት፤ አይደለም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 ከመቶዎቹ ርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እናቲቱ ለማንም አልነገረችም፤ ልጁ ግን ነገረን። ከቤቱ ውስጥ በየቀኑ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ፊት የሚመጣው እርሱ ነው። ይኸው ጥናት ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው የሚያምኑት ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከነበሩበት 85 ከመቶ ወደ 63 ከመቶ መውረዳቸውንም ያሳያል። ይህ የወረደው በፖሊስ ዱላ አይመስለንም።

ከመካከላችንም በግቢው ዙሪያ ቤት ተከራይተው ከጓደኛ ጋር የሚኖሩ እኅቶች አሉ። የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስል ነው።

በበኩላችን የተቋሙን አስተዳደር የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሠልጣኝ ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ለማን እንደሚናገር፣ ልጁንና እናቲቱን ሳያጋልጥ እንዴት እንደሚናገር ግማሽ ቀን ያህል ትምህርት ይሰጠው፤ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይጋበዝ። ሁለተኛ፣ የልምምድ ሪፖርት ቅጹ ላይ ስለ ተማሪው ሁኔታ የሚሞላ ቦታ ይጨመር፤ አሁን ያለው ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀማችን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የልምምድ ጊዜያችን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁ ትናንትም ተኝቶ ነበር።