የሴሌኒየም እርሾ ለማን ይጠቅማል?



ከዓረብ ሀገራትም ሆነ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ የቫይታሚን ብልቃጥ ሳይዝ አይመጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእነዚህም አንዱ «የሴሌኒየም እርሾ» የሚባለው ነው። «ካንሰር ይከላከላል፣ ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከመዋጣችን በፊት ግን ምንነቱን ማወቅ ይገባናል።

ሴሌኒየም ሰውነታችን በጣም በጥቂቱ የሚፈልገው ማዕድን ነው። ሕዋሳትን ከጉዳት የሚከላከሉና የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያግዙ አንዳንድ ፕሮቲኖች ያለ እርሱ አይሠሩም። በቻይና ኬሻን በተባለ አካባቢ ስም የሚጠራው የልብ ሕመም ሕፃናትንና በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ያጠቃ የነበረው አፈሩ ሴሌኒየም ባነሰው ሥፍራ ነው።

እርሾው የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። እርሾ እንደ ሞላሰስ ባለ ጣፋጭ ነገር ላይ ሲራባ የሴሌኒየም ጨው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለታል። ሴሌኒየም በባሕርዩ ድኝን ስለሚመስል እርሾው በድኝ ቦታ ተክቶ ከፕሮቲኑ ጋር ያዋህደዋል። ይህም ሴሌኖሜቲዮኒን ይባላል። ሰውነታችን በዚህ መልክ የመጣውን ሴሌኒየም በቀላሉ ይቀበለዋል፤ በጡንቻም ያከማቸዋል። ጥቅሙም ስጋቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ የተከማቸ ነገር ቶሎ አይወጣምና።

የሚገርመው እርሾው ራሱ ለሕይወቱ ሴሌኒየም የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ሲበዛበትም ይመረዛል፣ ዕድገቱም ይዳከማል። አምራቾች ጨውን በልክ የሚሰጡት ለዚህ ነው። እርሾ እንኳ ልክ ካስፈለገው የሰው ልጅማ እንዴት አያስፈልገው?

ማስረጃውም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት የቆዳ ካንሰር ታሞ ለነበሩ 1,312 ሰዎች ግማሾቹ በየቀኑ 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም በእርሾ መልክ እንዲወስዱ አድርጎ ነበር። የቆዳ ካንሰሩን አልቀነሰም። የፕሮስቴት ካንሰር ግን በወሰዱት ላይ አንሶ በመታየቱ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። ይሁንና ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሌላ ትልቅ ጥናት ሴሌኖሜቲዮኒን ሰጥቶ ጥቅም ባለማግኘቱ በ2008 ክኒኑን መስጠት አቆመ። የመጀመሪያው ጥናት ተሳታፊዎች በ2007 እንደገና ሲታዩ ደግሞ ሴሌኒየም በወሰዱት ላይ የስኳር በሽታ በዝቶ ተገኝቷል፤ በተለይም ቀድሞውኑ በደማቸው ብዙ ሴሌኒየም በነበራቸው ላይ።

እንግዲህ ሴሌኒየም የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። የአሜሪካ ስንዴ በአብዛኛው በሴሌኒየም የበለጸገ በመሆኑ እዚያ የሚኖር ወገናችን በዕለት ምግቡ በቂ ያገኛል። በሀገራችን ግን በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የሚመረተው እህል የሴሌኒየም መጠኑ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ምክንያቱም አፈሩ ይለያያል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበጀው ብልቃጥ ለሌላው ትርፍ ሊሆን ይችላል።

በእኛ እምነት የሚሻለው መንገድ የፊንላንድ ዓይነቱ ነው። ያች ሀገር አፈሯ ሴሌኒየም ስላነሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከማዳበሪያ ጋር እየቀላቀለች በእህሉ አማካኝነት ለሁሉም ታደርሳለች። ብልቃጥ የሚደርሰው ውጭ ሀገር ዘመድ ላለው ብቻ ነው፤ እህል ግን ለድሃውም ይደርሳል። ጉድለቱ በተረጋገጠባቸው ወረዳዎች የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

እስከዚያው እናቶች ልብ ይበሉ። ለአዋቂ ሰው የሚበቃው በቀን 55 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 60፣ ለምታጠባ እናት 70 ነው። በአውሮፓ በ2023 የተወሰነው ከፍተኛ ጣሪያ 255 ነው። አንዱ ክኒን ብቻውን 200 ከያዘ ከምግብ ከሚገኘው ጋር ተደምሮ ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ፀጉር መርገፍ፣ ጥፍር መሰባበርና ነጭ ሽንኩርት የሚመስል የአፍ ጠረን የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ዓሣ፣ እንቁላልና ሥጋ ግን ሴሌኒየምን ከሌላው ገንቢ ምግብ ጋር ይሰጣሉ።

ክኒኑን ሐኪም ካዘዘም ሽፋኑ ጄላቲን ከሆነ ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ፣ እርሾውም የቢራ ተረፈ ምርት መሆን አለመሆኑን ጽሑፉን አንብበን እናጣራ፤ ከተጠራጠርን ዓሊሞቻችንን እንጠይቅ።

አላህ ጤናና ዓፊያ ይስጠን።