ፎርማት ማድረግ እውቀት አይደለም

በጉለሌም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ወደ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ቫይረስ ሲገባ ፎርማት፣ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ድምፁ ሲጠፋም ፎርማት። ባለሙያውን መውቀስ አይገባም፤ የተማረው መጫንን እንጂ ውስጡን አይደለም። ስርዓተ ክወና ከነማሸጊያው የሚመጣ፣ ሲበላሽ በሌላ የሚተካ ዕቃ ሆኖ ነው የቀረበለት። ስለዚህ የኮምፒውተር ተማሪ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ በእጁ ይገንባ እላለሁ።

መንገዱ የተጠረገ ነው። ጄራርድ ቢክማንስ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለ መጽሐፍ በነፃ ይገኛል። ተማሪው መጀመሪያ ቢንዩቲልስንና ጂሲሲን ይሠራል፤ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበትን ግሊብሲን ይገነባል። ከዚያ አዲሱን ስርዓት ካስጠለለው ኮምፒውተር ለይቶ 80 ገደማ ጥቅሎችን አንድ በአንድ ያዘጋጅና የስርዓቱ እምብርት በሆነው ከርነልና በማስነሻው ይጨርሳል። የድካሙ ውጤት የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ጥቁር ስክሪን ነው፤ ለማንም የሚያሳዩት ጌጥ አይደለም። ግን ድምፅ ሲጠፋ ጥፋቱ ከድራይቨሩ ይሁን ከከርነሉ ለመለየት የሚያስችለው እውቀት የሚገኘው እዚህ ነው። በመንገዱም የራሱን አገር ያገኛል። በግሊብሲ ምንጭ ኮድ ውስጥ የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ያዘጋጀው የአማርኛ ፋይል ተቀምጧል፤ የወራቱንና የቀናቱን ስም የሚሰጠው እሱ ነው። ኬቢዲ በተባለው ጥቅል ውስጥ ደግሞ «አጋፋሪ» እና «ጎሃ» የሚባሉ የፊደል ቅርጾች አሉ። አንድ ሰው ኮዱን ገልጦ ባያስገባቸው ኖሮ በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ በቀረ ነበር።

ነገሩ ከትምህርት ክፍል ያልፋል። ፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ኮድ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክም የሚንቀሳቀሰው በሊኑክስ ከርነል ነው። ኮዱ ክፍት ነው የምንለው ግን የሚያነበውና የሚገነባው ሰው ሲኖረን ነው፤ ከሌለን ከተዘጋው አይለይም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን ራሱ ስለሚያደራ ከፋብሪካ የመጣውን ጥለት ገና ሲዳስሰው ይለየዋል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር እያለ ይህ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። መርሐ ግብሩ መልካም ነው፤ የሚያስተምረው ግን ከላይኛው ፎቅ ነው። አሠሪ የሚፈልገው ዌብሳይት የሚሠራ ነው መባሉም እውነት ነው፤ እኔም ሁሉም ሰው የከርነል ሊቅ ይሁን አላልኩም፣ ከሥራው በፊት አንድ ሴሚስተር እንጂ። መብራትና ኢንተርኔት ይጠፋል? የሚያስፈልገው ኮድ በሙሉ ከአንድ ጊጋባይት በታች ስለሆነ አንዴ በፍላሽ ከተያዘ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መብራት ቢሄድም የሚደገመው የተቋረጠው ጥቅል ብቻ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል፣ ትዕግሥት ካለ። በእጅ የተገነባውን ስርዓት ለቢሮ ሥራ መጠቀም ግን አልመክርም፤ የደኅንነት ማሻሻያውን ተከታትሎ የሚጭን የለውምና። ከኮድ ገነባሁ ማለትም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ራሱ ተንኮል ሊሸሽግ ይችላል። ይህንን ለመረዳት እንኳ አንዴ ኮምፓይለር የሠራ ሰው ያስፈልጋል።

የኮሌጅ ዲኖች፣ ወጪው አንድ ፍላሽና ማታ የማይቆለፍ ላብራቶሪ ነው። ለመጪው መስከረም ፍቀዱት።